ከኮምቦልቻ የተገዛ የፀሐይ ኃይል የውኃ ፓምፕ፦ ዕቃው፣ ገጠማውና ሐይቁ

በሐይቅ ከተማ አቅራቢያ፣ ከሐይቁ ዳር ብዙም ሳይርቅ ለሚገኘው የቤተሰባችን የመስኖ ማሳ የሚሆን የፀሐይ ኃይል የውኃ ፓምፕ ከኮምቦልቻ ገዝተን ካስገጠምን አንድ ሙሉ በጋ አልፏል። በዚህ ግምገማ የምመዝነው ዕቃውን ብቻ ሳይሆን የሸጠልንንና የገጠመልንን ሱቅ አገልግሎት ጭምር ነው። የሱቁን ስም አልጠቅስም፤ የማመሰግነውም ሆነ የምነቅፈው ነገር በደሴና በኮምቦልቻ ባሉ ሌሎች አቅራቢዎች ዘንድም ስለሚታይ፣ አንዱን ነጥሎ ማንሣት ፍትሐዊ አይመስለኝም። ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር፦ ዕቃው ጥሩ ነው፣ ገጠማው ከጠበቅነው በላይ ነው፣ ከሽያጭ በኋላ ያለው አገልግሎት ገና ብዙ ይቀረዋል፤ ስለ ሐይቁ ግን ከሱቁ አንድም ሰው አንድም ጥያቄ አላነሣም፤ ለእኔ ትልቁ ጉድለት ይኸው ነው።

ከዚህ በፊት የምንጠቀመው የቤንዚን ሞተር ነበር። በሐይቁ ዙሪያ ይህን ሞተር የማያውቅ ገበሬ የለም፤ ዋጋው ይቀላል፣ ሁለት ሰው ይዞ ከማሳ ማሳ ያዘዋውረዋል፣ ሲበላሽም የሚጠግነው አይጠፋም። ችግሩ ሽንኩርቱ ውኃ በሚጠማበት ሳምንት ቤንዚን ከማደያ ጠፍቶ በጀሪካን ከቸርቻሪ በውድ ዋጋ መግዛት የተለመደ መሆኑ ነው። ሌላም ብዙ ሰው ልብ የማይለው ችግር አለው። ውኃን ከታች ስቦ የሚያወጣ ሞተር ከውኃው ወለል ብዙ ከፍ ብሎ መቀመጥ አይችልም፤ በባሕር ጠለል ላይ እንኳ በተግባር የሚሠራው እስከ 7 ሜትር ያህል ሲሆን፣ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለው በእኛ ሐይቅ ዳር አየሩ ስለሚሳሳ ከዚያም ያንሳል። ስለዚህ ሞተሩ የግድ ከሐይቁ አፋፍ ላይ ይቀመጣል፤ ነዳጅ የሚሞላውም፣ ዘይት የሚቀየረውም እዚያው ነው፤ የፈሰሰው ሁሉ ሐይቁ ውስጥ ይገባል። ማለዳ፣ ነፋስ ሳይነሣ፣ ሞተሩ ባደረበት ቦታ ውኃው ላይ ተዘርግቶ የሚያብረቀርቀውን ቀጭን የዘይት ገበር ያየ ሰው የምለው ይገባዋል።

«ለዚህች ጠብታ ነው ይህ ሁሉ ወሬ?» ለሚል ሰው የጋላፓጎስን ነገር ማንሣት ይጠቅማል። ጋላፓጎስ ከኢኳዶር የባሕር ጠረፍ 1,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ የሚገኝ የደሴቶች ስብስብ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1978 ዩኔስኮ የመጀመሪያዎቹን 12 የዓለም ቅርሶች ሲመዘግብ ከእኛው ላሊበላና ከሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጋር በአንድ መዝገብ የሰፈረ በመሆኑ፣ የወሎ ሰው እንደ ሩቅ ዘመድ ቢቆጥረው አያስነውርም። እ.ኤ.አ. በጥር 2001 ጄሲካ የተባለች ነዳጅ ጫኝ መርከብ ለደሴቶቹ የሚሆን ናፍጣ ጭና ስትመጣ ሳን ክሪስቶባል በተባለችው ደሴት ወደብ አጠገብ ጥልቀት በሌለው ውኃ ላይ ተቀርቅራ ቀረች፤ በመቶዎች የሚቆጠር ቶን ነዳጅም ፈሰሰ። ነፋሱና የውኃው ሞገድ አብዛኛውን ነዳጅ ወደ ውቅያኖስ ስለወሰደው ብዙዎች አደጋው በቀላሉ አለፈ ብለው ነበር። ሆኖም ጥቂት የዘይት ቅሪት ብቻ በደረሰባት በሳንታ ፌ ደሴት ከነበሩት የባሕር ኢጓናዎች 62 በመቶ ያህሉ በቀጣዩ አንድ ዓመት ውስጥ እንደሞቱ ተመራማሪዎች አረጋገጡ። ኢጓና በድንጋይ ላይ ፀሐይ እየሞቀ የባሕር ሣር የሚበላ ትልቅ የእንሽላሊት ዘር ነው። የእኛ ሐይቅ ኢጓና የለውም፤ ዓሣ ግን አለው፣ በዓሣው የሚተዳደር ሰውም አለው፤ ከውቅያኖስ የሚለየው ደግሞ በግልጽ የሚታይ መውጫ ወንዝ የሌለው በመሆኑ የገባበትን ነገር ጠርጎ የሚወስድለት ሞገድ የሌለው መሆኑ ነው።

ወደ ሱቁ ልመለስ። ከወንድሜ ጋር ወደ ኮምቦልቻ ስንወርድ ያሰብነው ቀላል ነገር ነበር፤ ዋጋ ጠይቀን፣ ተከራክረን፣ ጭነን እንመለሳለን ብለን ነበር። ባለሙያው ግን ዋጋ ከመናገሩ በፊት ማሳው ስንት ሄክታር እንደሆነ፣ ምን እንደሚዘራበት፣ ከውኃው ወለል እስከ ማሳው ራስጌ ያለው ከፍታ ስንት ሜትር እንደሆነ፣ ቱቦው ምን ያህል ርዝመት እንደሚኖረው ጠየቀን። ከፍታውን በግምት ስንነግረው አልተቀበለንም፤ ሰው ልኮ አስለካ፤ 20 ሜትር ገደማ ሆኖ ተገኘ። ይህ ለሱቁ የምሰጠው ትልቁ ምስጋና ነው፤ ከዚያ በፊት በደሴ ፒያሳ የጠየቅናቸው ሁለት ሱቆች ስለ ከፍታ ምንም ሳይጠይቁ ዋጋ ቆርጠውልን ነበርና።

ወንድሜ ካርቶኑ ላይ ያየውን ጽሑፍ እየጠቆመ «ይኸ በሰዓት 9 ሜትር ኩብ ያወጣል፣ 60 ሜትርም ይወጣል ይላልኮ» ሲለው ባለሙያው የሰጠው መልስ፣ ፓምፕ የሚገዛ ሁሉ ሊሰማው የሚገባ ነው።

«ጋሼ፣ ሁለቱ ቁጥሮች በአንድ ላይ አይገኙም። 9 የሚያወጣው ሽቅብ ሳይገፋ ነው፤ 60 ሜትር ሲደርስ ደግሞ ጠብ አይልም። የእርስዎ መካከል ላይ ነው።»

ቀጥሎም የፓምፑን የአፈጻጸም ሠንጠረዥ አውጥቶ በ20 ሜትር ከፍታ ላይ የምናገኘው በሰዓት 5 ሜትር ኩብ ገደማ እንደሆነ በጣቱ እየተከተለ አሳየን። ደንበኛን ለማማለል ትልቁን ቁጥር ብቻ መጥራት በተለመደበት ገበያ ይህን ያህል ግልጽነት ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም።

የገዛነው 750 ዋት ኃይል ያለው፣ ውኃ ውስጥ የሚጠልቅ ፓምፕ፣ መቆጣጠሪያ ኮንትሮለሩና እያንዳንዳቸው 330 ዋት የሆኑ አራት ፓኔሎች ናቸው። ፓምፑ ውኃ ውስጥ ሆኖ ወደ ላይ ስለሚገፋ ከላይ ያነሣሁት የመሳብ ገደብ አይመለከተውም፤ ከሐይቁ አጠገብ በተቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ ይቀመጣል፣ ፓኔሎቹ ግን ማሳው ራስጌ ላይ ናቸው፤ በውኃው ዳር የሚፈስ ነዳጅም ሆነ የሚቀየር ዘይት የለም። በፓኔሎቹ ጀርባ በተለጠፈው ጽሑፍ ላይ የዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን ደረጃዎች፣ ማለትም 61215 እና 61730 የሚሉት ቁጥሮች መኖራቸውን አረጋግጠናል። የመጀመሪያው ስለ ጽናት ሲሆን፣ ከሚያካትታቸው ፈተናዎች አንዱ 25 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የበረዶ እንክብል በሰከንድ 23 ሜትር ፍጥነት መስተዋቱ ላይ የሚወረወርበት ነው። የወሎን በረዶ ለሚያውቅ ገበሬ ከብዙ የማስታወቂያ ቃል ይልቅ ይህች አንዲት ፈተና ትበልጥበታለች።

ለገጠማ የመጡት ሁለት ወጣቶች ሐረጎን ወጥተው፣ ደሴን አቋርጠው ማሳው ላይ የደረሱት ገና በማለዳ ነበር። መጀመሪያ ያደረጉት ነገር ዕቃ ማውረድ ሳይሆን የባሕር ዛፎቹን ጥላ መመልከት ነበር። ፓኔሎቹ በተከታታይ ስለሚያያዙ የአንዱ ጥግ ላይ የሚያርፍ ጥላ የሁሉንም ጉልበት ይቀንሳል፤ ስለዚህ እኛ ካሰብነው ቦታ 15 ሜትር ያህል አርቀው ተከሉት። ፊቱን ወደ ደቡብ አድርገው 15 ዲግሪ ገደማ አዘነበሉት፤ አካባቢያችን ከምድር ወገብ 11 ዲግሪ ገደማ ወደ ሰሜን ስለሆነ ከዚህ በላይ ማዘንበል አያስፈልግም፣ ጠፍጣፋ ቢሆን ደግሞ ዝናብ አቧራውን አያጥበውም። የብረት ማቆሚያውን እግር በሲሚንቶ ቀበሩት፤ ብሬከርና የምድር ሽቦ አስገቡ፤ ፓኔሎቹ እንዳይሰረቁ ብሎኖቹን በተራ ቁልፍ በማይፈታ ዓይነት አሰሩ። ባትሪ የለውም፤ በምትኩ ፀሐይ እያለ የሚሞላ ሮቶ ከፍ ባለ ማማ ላይ አስቀምጠናል። ባትሪ ቶሎ ያረጃል፤ ሮቶ ግን ውኃ ከማስቀመጥ በቀር ሌላ ጣጣ የለበትም።

ሥራው ሲያልቅ ከወጣቶቹ አንዱ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይዞ ቱቦው አፍ ላይ ቆመ፤ ሌላው ሰዓት ያዘ። ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ጀሪካኑ በ14 ሰከንድ ሞላ፤ ይህም በሰዓት ከ5 ሜትር ኩብ ትንሽ ይበልጣል፤ ሱቁ በሠንጠረዡ ካሳየን ጋር አንድ ነው። በማግስቱ እኛው ራሳችን ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ስንለካ 30 ሰከንድ ፈጀ፤ ማለትም ገና ግማሹ ነው። ይህን አስቀድሞ የሚነግር ሻጭ ጥቂት ነው። የፀሐይ ፓምፕ እንደ ቤንዚን ሞተር ሲጎትቱት በሙሉ ጉልበቱ አይነሣም፤ ከፀሐዩ ጋር ይነሣል፣ ከፀሐዩ ጋር ይደክማል። በጠራ ቀን በጠቅላላው 25 ሜትር ኩብ ገደማ እናገኛለን፤ ለግማሽ ሄክታር ሽንኩርትና ቲማቲም በጥንቃቄ ከተጠጣ ይበቃል። በሐምሌና በነሐሴ ደመናው ሲከብድ ጉልበቱ ይቀንሳል፤ በዚያን ጊዜ ግን ዝናቡ አለና ፓምፑን የሚፈልገው የለም።

ከሽያጭ በኋላ ወዳለው አገልግሎት ስመጣ ምስጋናዬ ይቀዘቅዛል። በበጋው አጋማሽ ኮንትሮለሩ የብልሽት ምልክት አሳይቶ ቆመ፤ በጉድጓዱ ውስጥ ውኃ ሲጎድል ፓምፑን የሚያቆመው ትንሽ መቆጣጠሪያ ሳይበላሽ አልቀረም። ስልክ ስንደውል በትሕትና ተቀበሉን፤ ሰው ለመምጣት ግን ከሳምንት በላይ ፈጀ፤ ምክንያቱም ከከሚሴ እስከ ወልድያ ያለውን ሁሉ የሚያዳርሰው አንድ ቡድን ብቻ ነው፤ መለዋወጫውም ከአዲስ አበባ እስኪመጣ መጠበቅ ነበረበት። በዚያ መካከል የቀድሞውን የቤንዚን ሞተር አውጥተን ከሐይቁ አፋፍ መልሰን አስቀመጥነው። የዋስትና ወረቀቱ ለፓምፑ ሁለት ዓመት ይሰጣል፤ የባለሙያ መጓጓዣ ግን በገዢው ላይ እንደሆነ የሚገልጸው መስመር በጥቃቅን ፊደል ከታች ተጽፏል። ይህን በቃል ሊነግሩን ይገባ ነበር።

እንዲህ ያለው ነገር በገንዘባችን ስለገዛን ብቻ የደረሰብን አይደለም። ከእኛ ማሳ ብዙ በማይርቅ ስፍራ ቀደም ሲል በውጭ ድጋፍ የተተከለ የጋራ የፀሐይ ፓምፕ ነበር። ሲመረቅ ሪባን ተቆረጠ፣ ፎቶ ተነሣ፤ ኮንትሮለሩ ሲቃጠል ግን የማን እንደሆነ የሚያውቅ አልተገኘም፤ ፓኔሎቹ ዛሬም እዚያው ቆመው አቧራ ይጠጣሉ። ከኮምቦልቻው ሱቅ ቢያንስ የሚደወልለት ስልክ አለ።

የውጭ ድጋፍ ሁሉ እንዲህ ያልቃል ማለቴ ግን አይደለም። ከጄሲካ አደጋ በኋላ የበለጸጉት ሀገሮች ታላላቅ የኤሌክትሪክ ኩባንያዎች ያቋቋሙት ማኅበር ከኢኳዶር መንግሥትና ከተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጋር ተባብሮ በሳን ክሪስቶባል ላይ እያንዳንዳቸው 800 ኪሎ ዋት የሆኑ ሦስት የነፋስ ተርባይኖች ተከለ፤ ሥራ የጀመሩት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2007 ሲሆን ወጪው 10 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ድጋፍ ሰጪዎቹ ሪባን ቆርጠው አልሄዱም። ተርባይኖቹን የሚያስተዳድር፣ የሸጠውን ኤሌክትሪክ ገቢ የሚሰበስብ የአካባቢ ኩባንያ አቋቁመው፣ ስምንት ዓመት ያህል አብረው ቆይተው፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ሙሉ በሙሉ ለደሴቶቹ የኤሌክትሪክ ድርጅት አስረከቡ። በእነዚያ ዓመታት ከደሴቲቱ የኤሌክትሪክ ፍጆታ 30 በመቶ ያህሉ ከነፋስ ተገኘ፤ 8.7 ሚሊዮን ሊትር ናፍጣም ሳይቃጠል፣ ማለትም በመርከብ ሳይጫን ቀረ። በስኮትላንድ የምትገኘው ኤግ የተባለችው ትንሽ ደሴት ደግሞ በከፊል በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ከፀሐይ፣ ከነፋስና ከውኃ የሚመነጭ ኤሌክትሪክ እ.ኤ.አ. በ2008 ስታገኝ፣ መስመሩን ነዋሪዎቹ ራሳቸው በሚያስተዳድሩት ድርጅት ሥር አደረጉት፤ ለጥገናውም ከመካከላቸው ሰው አሠለጠኑ፤ አንድ ቤት በአንድ ጊዜ ከ5 ኪሎ ዋት፣ አንድ የንግድ ቤት ከ10 ኪሎ ዋት በላይ እንዳይጠቀም ወሰኑ። ለእኛም የሚያስፈልገን በየቀበሌው ኮንትሮለር ከፍቶ የሚያይ አንድ ሠልጣኝ ነው፤ የኮምቦልቻው ሱቅ በሐይቅ ከተማ አንድ ወጣት አሠልጥኖ ሁለት ሦስት መለዋወጫ እጁ ላይ ቢያስቀምጥ ገበያውን ያለ ተወዳዳሪ ይይዘው ነበር።

ስለ ሐይቁ ያልኩትን ልግለጽ። ቤንዚን በውድ የሚገዛ ገበሬ ውኃ ሲበቃው ሞተሩን ያጠፋል፤ ሆዱ እየተቃጠለ የሚያቃጥለው ነዳጅ ነውና። የፀሐይ ፓምፕ ያለው ግን ለማጥፋት ምክንያት የለውም። ውኃው ቦዩን ሞልቶ ወደ ጎረቤት ማሳ ሲፈስ «ምን ቸገረኝ፣ ፀሐይ ነው» ሲባል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። የሐይቁ ስፋት 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሰፊ ይመስላል፤ ነገር ግን የሚሞላው ከጎኑ ካሉት ተራሮች በሚወርደው ውኃና በዝናብ ብቻ ነው። ከሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ጋር የሚተዋወቅ ሁሉ ያ ቅዱስ ስፍራ ቀድሞ ደሴት እንደነበረና ዛሬ በየብስ ከዳርቻው ጋር እንደተያያዘ ያውቃል። አንድ ፓምፕ ምንም አያደርግም፤ በሐይቁ ዙሪያ መቶ ፓምፕ ቀኑን ሙሉ ያለ ገደብ ቢስብ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ በዘይት ፋንታ በመጉደል እንጎዳዋለን።

ሳን ክሪስቶባል ላይ ይህን መሰል ጥያቄ የተነሣው ተርባይኑ ከመተከሉ በፊት ነበር። በደሴቲቱ ደጋ ላይ ጎጆዋን በመሬት ጉድጓድ የምትሠራ፣ ለመጥፋት የተቃረበች የጋላፓጎስ ፔትረል የምትባል የባሕር ወፍ አለች፤ ሌሊት ከባሕር ስትመለስ ከተርባይኑ ክንፍ ጋር እንዳትጋጭ የበረራ መስመሯ ተጠና፤ በመጀመሪያ የታሰበው፣ ነፋስ የሚበዛበት ኮረብታ ጎጆዎቿ የሚገኙበት ሆኖ ሲገኝ ተተወና ኤል ትሮፔዞን የተባለ ሌላ ኮረብታ ተመረጠ፤ 3 ኪሎ ሜትር ያህል የኤሌክትሪክ መስመርም ሽቦው ወፏን እንዳይመታት ከመሬት በታች ተቀበረ። ንጹሕ ኃይል ስለሆነ ብቻ ጉዳት የለውም ብሎ ያለፈ አልነበረም። የእኛ ሱቅ የባሕር ዛፉን ጥላ የመረመረውን ያህል የሐይቁን ነገር አልጠየቀም። ጠብታ ቱቦ አብሮ አልሸጠልንም፤ ሮቶው ሲሞላ ፓምፑን የሚያቆመውን ተንሳፋፊ ማብሪያ ማጥፊያ እንኳ ያስገጠምነው እኛው ጠይቀን፣ ተጨማሪ ከፍለን ነው፤ ዋጋው ከጠቅላላው ወጪ አንጻር ኢምንት ነው፤ ሐይቅ ዳር ለሚተከል ፓምፕ ሁሉ ያለ ጥያቄ አብሮ መምጣት ይገባው ነበር።

ዋጋውን በብር ያልጻፍኩት ከ2016 ዓ.ም. ማብቂያ የውጭ ምንዛሬ ለውጥ ወዲህ ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ ነው፤ ከአንድ ደህና የቤንዚን ሞተር አምስት እጥፍ ገደማ እንደሆነ መገመት ይቻላል። ግማሹን ስንዋዋል፣ ግማሹን ውኃው ሮቶ ሲገባ ከፍለናል፤ ይህ አከፋፈል ጥሩ ነው፤ ሙሉውን አስቀድሞ ለሚጠይቅ ሻጭ እሺ ማለት አይገባም። ደረሰኙ ትክክለኛ ነበር። ከዚህ ቀደም የዓለም ባንክ ብድር በኢትዮጵያ ልማት ባንክ በኩል ለፀሐይ መብራት አስመጪዎች ሲሰጥ እንደነበረ ይታወቃል፤ በእኛ አካባቢ ግን ለፓምፕ የሚሆን ገንዘብ ገበሬው የሚያገኘው በብዛት ከቁጠባና ብድር ማኅበር ነው፤ እኛም ያደረግነው ይህንኑ ነው።

ማሳው ከግማሽ ሄክታር የማይበልጥ፣ የውኃው ከፍታ ከ30 ሜትር በታች የሆነ፣ ሮቶ የሚያስቀምጥበት ከፍ ያለ ቦታ ያለው ሰው ይህን ፓምፕ ቢገዛ አይቆጭም። ማሳው በተለያየ ቦታ ተበታትኖ ሞተር ተሸክሞ የሚዞር ገበሬ ግን አይጠቅመውም፤ ፓኔሉ ከተተከለበት አይነቀልምና። ገዢው ሦስት ነገር ቢያስጽፍ መልካም ነው፦ የባለሙያው መጓጓዣ በማን ላይ እንደሆነ፣ ብልሽት ከተነገረ በስንት ቀን እንደሚመጡ፣ ተንሳፋፊው ማብሪያ ማጥፊያ በዋጋው ውስጥ መካተቱን። ሱቁ የመጨረሻውን ስንጠይቅ፣ በተጨማሪ ክፍያ ቢሆንም፣ ሊገጥምልን ሳይከራከር ፈርሟል፤ ሁለተኛው ላይ ግን «በተቻለ ፍጥነት» የሚል ቃል ብቻ ነው ያገኘነው። የሚዋዋል ሰው በቃሉ ፋንታ ቁጥር እንዲያስገባ፣ ግዢውንም መስኖ ከመጀመሩ በፊት በመስከረም እንዲጨርስ እመክራለሁ፤ በጥር የሚደውል ደንበኛ ከከሚሴ እስከ ወልድያ ካለው ሁሉ ጋር ወረፋ ይይዛል።